ቤት የሚያፈርሰው ጠፈጠፍ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን የአባቶችና የእናቶች አነጋገር ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው፣ ወንዝ ሊሻገር ገብቶ ደራሽ ውሃ የያዘው መንገደኛ ነው። ይሁንና ውሃ ሰውን እያሳሳቀ የሚወስደው በወንዝ ዳር ብቻ አይደለም። በገዛ ደጃችን፣ በገዛ ጣሪያችን ጠርዝ፣ ልጆቻችን በተኙበት ግድግዳ ሥርም ይወስዳል። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ስሙም አሸንዳ ይባላል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው የጣርማ በር ዋሻ አድርጎ ወደ ደብረ ሲና ማዘቅዘቅ ሲጀምር የለበሰው ካፖርት ይከብደዋል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ወርዷልና ጥላ ፍለጋ ዓይኑን ያማትራል። ይህ የይፋት ቆላ ነው፤ የማሾው፣ የማሽላው፣ የሽንኩርቱና የማንጎው አገር።

ደጋው ከራስጌ፣ ቆላው ከግርጌ በመሆኑ በተራራው ላይ የጣለው ዝናብ እንደ ሮቢና ጀውሃ ባሉ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህም የይፋት ሰው የራሱ ሰማይ ብሩህ ቢሆን እንኳ ተራራው ከጠቆረ ወንዝ ለመሻገር አይቸኩልም። ይህ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ከተራራ የሚመጣውን ጎርፍ እንዲህ ባለ ንቃት የሚጠባበቀው ሰው ከራሱ ጣሪያ የሚወርደውን ጎርፍ ሲዘነጋ ይታያል። ብዙ ቤት የሚጎዳውም በዚሁ በተዘነጋው ውሃ ነው።

የአንዲት እናት ገጠመኝ

በአንድ የክረምት ማብቂያ በሸዋ ሮቢት ያነጋገርናቸው፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁን የአራት ልጆች እናት የደረሰባቸውን አጫውተውናል። ቤታቸው የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ባለ ሁለት ክፍል ነው። ባለቤታቸው በሥራ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ይርቃሉ።

በሰኔ ወር መጨረሻ በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በጉልበት ቁመት ልክ የጠቆረ መስመር አዩ። ልጆች ውሃ ደፍተው ይሆናል ብለው ተቆጡና ዝም አሉ። በሐምሌ መስመሩ ወደ ላይ ከፍ ሲል በእበትና በጭቃ መረጉት፤ ምርጊቱም በሳምንቱ ወደቀ። በነሐሴ ለዘር ብለው ግድግዳውን አስደግፈው ያስቀመጡት የማሾ ጆንያ ከሥሩ በቅሎ፣ ከመሐሉ ሻግቶ ተገኘ። ሁለተኛው ልጃቸው በሽታው የተነሣ ያስል ስለ ነበር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የልጆቹን መኝታ ወደ ሌላው ክፍል አዛወሩ። በዚያው ሌሊት የጣለው ዶፍ የግድግዳውን የታችኛ ክፍል ነቅሎ አልጋው ላይ ጣለው። ልጆቹ በቦታው አልነበሩም። ወይዘሮዋ ይህን ሲናገሩ ዛሬም ድምፃቸው ይቆራረጣል።

በማግሥቱ የተጠራው ሠራተኛ ከግድግዳው በፊት ጣሪያውን ልይ ብሎ በመሰላል ወጣ። ውሃ ወደ መሬት በሚያወርደው ቱቦ አፍ ላይም ምክንያቱን አገኘው። በቅጠልና በአቧራ ጭቃ የተለሰነች አንዲት የካልሲ ኳስ! ሁለተኛው ልጅ በበጋ ሲጫወት ጣሪያ ላይ የጣላትና ረስቷት የከረመች ኳስ ነበረች። ውሃው መውረጃ ስላጣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ አሸንዳውን ሞልቶ በግድግዳው አናት ላይ ሲፈስ ከረመ። የአንድ ማለዳ የመሰላል ሥራ ይበቃው የነበረ ነገር አንድ ግድግዳ፣ የዓመት ዘርና የአንድ ወር ሰላም በላ፤ ከዚያ የባሰው እንዳይሆን ያደረገው የልጅ ሳል ነው።

አንድ ዝናብ ስንት ጀሪካን ነው?

ከጣሪያችን ላይ የሚወርደውን ውሃ አብዛኞቻችን አሳንሰን እንገምተዋለን። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ጣሪያ 48 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በዚህ ጣሪያ ላይ 960 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን አምስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ በባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቢሰላ 38 ጀሪካን ያህል ነው። ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ የምታውቅ እናት 38 ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግራት አይገባም።

ጣሪያው ወደ ሁለት ጎን የተከፈለ ቢሆን በአንዱ ጎን የሚወርደው 480 ሊትር፣ ማለትም 19 ጀሪካን ነው። አሸንዳው ደህና ከሆነ ይህ ሁሉ ውሃ በቱቦው አድርጎ ወደ ተዘጋጀለት ቦይ ይሄዳል። አሸንዳው በአንድ ቦታ ተቀዶ ወይም ጎብጦ ከሆነ ግን የውሃው አብዛኛው ክፍል በዚያች አንድ ነጥብ ይወርዳል። ሆን ብሎ በቤቱ ጥግ 19 ጀሪካን ውሃ የሚደፋ ሰው ብናይ ጤናውን እንጠራጠር ነበር። የተቀደደ አሸንዳ ይህንኑ በዘነበ ቁጥር ያደርገዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ የተበላሸ አሸንዳ ጨርሶ አሸንዳ ከሌለው ጣሪያ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ መኖሩን ነው። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ውሃውን በስምንት ሜትር ላይ በትኖ ይጥላል፤ የተቀደደው ግን ሰብስቦ በአንድ ቦታ ይቆፍርበታል።

ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። ወርዱ 15፣ ጥልቀቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ አሸንዳ ተዘግቶ ቢሞላ 144 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ይህም 144 ኪሎ ግራም ነው። ከአንድ ኩንታል ተኩል ጥቂት የሚያንስ ሸክም በጣሪያው ጠርዝ ጣውላ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል ማለት ነው። ጣውላው የሚገነጠለው፣ ምስማሩም የሚነቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤት የሚታመመው ከእግሩ ነው

የጭቃ ግድግዳ ደረቅ ሆኖ ሲቆም ጠንካራ ነው። ሲረጥብ ግን በጭዱ ተሳስሮ የነበረው ጭቃ ይለሰልሳል፤ ምርጊቱ ይፈረፈራል፤ በውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ከመሬት ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ይበሰብሳል። በቆላ አገር ደግሞ ምስጥ የእርጥብ እንጨት ወዳጅ ነው። ውሃ በር ይከፍታል፤ ምስጥ ይገባል። ቋሚው ከላይ ደህና መስሎ ሲታይ ከሥሩ ገለባ ሆኖ ይገኛል።

ጠፈጠፉ መሬት ላይ ሲያርፍ አፈሩን ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ የግድግዳው የታችኛ ክፍል ሁልጊዜ ጭቃ የለበሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ውሎ አድሮ ከግድግዳው ሥር ጉድጓድ ይቆፈራል። ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፤ ያቆረው ውሃ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል።

ቤታችን በብሎኬት የተሠራ ነው፣ ይህ አይመለከተንም የምትሉ አንባቢያን ትኖሩ ይሆናል። ብሎኬትም ውሃ ይጠጣል። ልስኑ ያብጣል፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ግድግዳው ላይ ይወጣል። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት ከዛገ ደግሞ ዝገቱ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል።

የይፋት ሰው ስለ ግድግዳ ጥንካሬ የሚያስብበት ሌላም ምክንያት አለው። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ የሚገኝ ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ የደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ማፈራረሱ በታሪክ ተመዝግቧል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። መሬትን እንዳትነቃነቅ ማዘዝ አንችልም። እግሩ የበሰበሰ ግድግዳ ግን ከደረቀው ይልቅ ለመውደቅ የቀረበ ነውና ግድግዳችንን ደረቅ አድርጎ መጠበቅ በእጃችን ያለ መከላከያ ነው።

አሸንዳ ለምን ይበላሻል?

በባሕር ጠረፍ በሚገኙ ከተሞች፣ ለምሳሌ በጅቡቲና በምፅዋ፣ የቆርቆሮና የአሸንዳ ዋና ጠላት ጨው ያዘለው የባሕር ነፋስ ነው። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተቀባው ዚንክ ሲሆን ጨውና እርጥበት ሲተባበሩ ይህን ሽፋን በቶሎ ይበሉታል። በይፋት ባሕር የለም፤ ጠላቶቹ ግን ሌሎች ናቸው።

የመጀመሪያው አቧራ ነው። በበጋ ወራት በነፋስ የሚነሣው አቧራ ጣሪያው ላይ ያርፍና የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ታጥቦ አሸንዳው ውስጥ ይገባል። እዚያም ከቅጠል ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል። የግራር ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ በወንፊት ሳይቀር ያልፋል፤ የማንጎ ቅጠል ደግሞ ሰፊ ስለሆነ የቱቦውን አፍ እንደ ክዳን ይገጥመዋል። ወፍ ጎጆ ይሠራበታል። የልጆች ኳስ እንዳለም አይተናል። እርጥብ ጭቃና ቅጠል በአሸንዳው ወለል ላይ ሲከርም ዚንኩን ይበላል፤ ዝገቱም ከውጭ ሳይታይ ከውስጥ ይጀምራል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቆርቆሮ በቀን ሐሩር ይረዝማል፤ በሌሊት ቅዝቃዜ ያጥራል። ስምንት ሜትር ርዝመት ያለው አሸንዳ በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። በየቀኑ፣ በየዓመቱ ይህን ሲያደርግ የምስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፤ መጋጠሚያው ይላቀቃል።

ሦስተኛው የአሠራር ጉድለት ነው። ዓይን ስለሚያምር ብቻ ፍጹም ቀጥ ብሎ የተሰቀለ አሸንዳ ውሃ አይወርድበትም፤ ያቁርበታል እንጂ። ውሃን መንገድ አሳይቶ መሸኘት ለአገራችን ጠቢባን አዲስ ነገር አይደለም። ከአንድ አለት የተፈለፈሉትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው በዙሪያቸው የተቆፈሩት ቦዮች የክረምቱ ውሃ እንዲወርድባቸው ዘንበል ተደርገው መሠራታቸውን ይገነዘባል። ዓለት ጠርበው ቤት የሠሩ ሰዎች ለውሃው መውጫ ካሰቡ ጭቃ መርገን የምንኖር እኛማ እንዴት አብልጠን አናስብ?

በዓመት ሁለት ማለዳ

በብዙው የአገራችን ክፍል ቤትን ለዝናብ ማዘጋጀት የሚታሰበው ክረምት ሲቃረብ ነው። የይፋት ሰው ግን ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይጥላል፤ ክረምቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ገብቶ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ስለዚህ አሸንዳው ሁለት ጊዜ መጠረግ ይኖርበታል። አንደኛው ከጥምቀት በኋላ በጥር፣ ሁለተኛው በግንቦት መጨረሻ ነው። በጥር የሚደረገው ጠረጋ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ የረጅሙ የበጋ አቧራ የሚነሣው ያን ጊዜ ነውና።

ሥራው በማለዳ ይሠራ። ረፋድ ላይ የቆላ ቆርቆሮ እጅ ያቃጥላል። መሰላሉ ለእያንዳንዱ አራት ሜትር ቁመት ከግድግዳው ሥር አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከሥሩም የሚይዝ ሰው ይኑር። የመብራት ሽቦ በአጠገቡ የሚያልፍ ከሆነ የብረት መሰላል ጨርሶ አይቅረብ። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ለአንድ አሸንዳ ብላ መሰላል መውጣት አይገባትም፤ ከታች ሆና ማሳየትና ማዘዝ ይበቃታል።

የጥገናው ሥራ እንዴት ይከናወናል?

መጀመሪያ ጠረጋ ነው። ጭቃውንና ቅጠሉን በእጅ ወይም በእንጨት ማንኪያ እየዛቁ በባልዲ ማውረድ ይሻላል። በውሃ እየገፉ ወደ ቱቦው መስደድ የባሰ መዝጋት ነው። የብረት ዶማና አካፋ ዚንኩን ስለሚፍቁ አይነኩት።

ቀጥሎ ፈተና ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ከቱቦው ራቅ ካለው ጫፍ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ይመልከት። ውሃው ሳይቆም ወደ ቱቦው ከሄደ አሸንዳው ጤነኛ ነው። መሐል ላይ ካቆረ ጎብጧል። ከታች ከተንጠባጠበ ተቀድዷል ወይም መጋጠሚያው ተላቋል። የሚንጠባጠብበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉበት፤ ሲደርቅ አይገኝምና።

ለጎበጠው መድኃኒቱ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሮ ደጋፊ ብረቶቹን ማስተካከል ነው። አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቱቦው ይዘንብል። ርዝመቱ 8 ሜትር ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከመሬት ለሚያይ ሰው ይህ ብዙም አያስታውቅም፤ ውሃው ግን ያውቀዋል። ደጋፊ ብረቶቹ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ቢሆኑ ሸክሙን ይችላሉ። በምስማር ብቻ የተያዘ አሸንዳ ከርሞ መውደቁ አይቀርም።

ለቀዳዳው ደግሞ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ዝገቱን ማስለቀቅና ፍጹም ማድረቅ ያስፈልጋል። ከቀዳዳው በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ የቆርቆሮ ቁራጭ ተቆርጦ በሲሊኮን ማጣበቂያ ይለጠፍ፤ ከተቻለም በሪቬት ይያዝ። ለዚህ ሥራ ሬንጅ የሚጠቀሙ አሉ። ሬንጅ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በቆላ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ከዚያ አሸንዳ ውሃ የምትጠራቀሙ ከሆነ ሬንጅም ሆነ እርሳስ ያለበት የዝገት መከላከያ ቀለም ውስጡን አይንካው።

መጋጠሚያ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ሁለት የአሸንዳ ቁራጮች ሲነባበሩ ከላይኛው በኩል የሚመጣው ቁራጭ በታችኛው ውስጥ ይግባ፤ ንብብሩም ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የተገላቢጦሽ ከሆነ ውሃው በመጋጠሚያው እየሰረገ ይወጣል።

አዲስ የምታሠሩ ከሆነም ሦስት ነገር ለሠራተኛው ንገሩት። የጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ወደ አሸንዳው ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። የአሸንዳው የውጭ ከንፈር በግድግዳው በኩል ካለው ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ምናልባት ቢሞላ ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስም። የቱቦው አፍ ደግሞ የሽቦ ወንፊት ይደረግለት። ወንፊቱ ቅጠል ይሰበስባልና በየጊዜው መጽዳት አለበት፤ ኳስን ግን ያስቀራል።

አሸንዳ ለመግዛት አቅም የሌለው ምን ያድርግ?

ኑሮ በተወደደበት ጊዜ አሸንዳ ግዙ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መስመር ላይ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሮ በጠጠርና በድንጋይ መሙላት ረጪውን ያስቀራል። ከቦዩ እስከ ግድግዳው ያለውን አፈር ከፍ አድርጎ፣ ወደ ውጭ አዘንብሎ መደልደል ውሃውን ከመሠረቱ ያርቃል። አዲስ ክዳን የሚያለብስ ሰው የጣሪያውን ጠርዝ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢያስወጣው ግድግዳው ጥላም መጠለያም ያገኛል። የግድግዳውን የታችኛ ክፍል በድንጋይ መገንባት ደግሞ የቆየ ብልሃት ነው።

ለሙሉው ጣሪያ አቅም ባይኖር ከሁሉ አስቀድሞ በበሩና በመኝታው በኩል ያለውን ጎን ማሠራት ይቻላል። ሌላው በዓመቱ ይደርሳል።

የተጠራቀመ ውሃና የወባ ትንኝ

ከጣሪያ የሚገኘው ውሃ ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለጓሮ አትክልትና ለከብት ትልቅ በረከት ነው። በየወቅቱ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ወደ በርሜል አይግባ፤ ይፍሰስ። ለመጠጥ የሚውል ከሆነም ሳይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣ።

ከዚህ ላይ የቆላ ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የተዘጋ አሸንዳና ክዳን የሌለው በርሜል ለትንኝ የመራቢያ ቤት ናቸው። በሞቃት አገር የትንኝ ዕንቁላል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በራሪ ትንኝ ይሆናል። ወባን የሚያስተላልፉት የአገራችን ነባር ትንኞች በአብዛኛው ከቤት ውጭ በሚገኝ ያቆረ ውሃ የሚራቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች፣ መነሻዋ እስያ የሆነች ትንኝ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር መገኘቷ ታወቀ። የዚህች ትንኝ ጠባይ ለየት ያለ ነው። ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ውሃ፣ በበርሜልና በጋን ውስጥ ትራባለች፤ በከተማም ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ፣ ያውም በደረቁ ወቅት ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈውም ትንኝ እንዲሁ የቤት ውስጥ ውሃ ወዳጅ ናት።

ስለዚህ በርሜሉ የሚገጥም ክዳን ይኑረው፤ ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ በወፍራም ጨርቅ ወይም በደቃቅ ወንፊት ይሸፈን። በየሳምንቱ ውሃው ተቀድቶ ያልቅና የበርሜሉ ጎንና ጎን በደንብ ይፈተግ፤ ዕንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይጣበቃልና። አጎበር ሰቅሎ ከራስጌ በተዘጋ አሸንዳ ትንኝ ማርባት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ነው።

ሥራው የማን ነው?

ይህን ጽሑፍ በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ያወጣነው አሸንዳ መጠገን የሴት ሥራ ነው ለማለት አይደለም። ምክንያታችን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤቱን የምታየው፣ የግድግዳውን መጥቆር ከማንም ቀድማ የምታስተውለው፣ የሻገተውን ዘር የምታራግፈው፣ የሚያስለውን ልጅ ታቅፋ የምታድረው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ይሁንና ጣሪያ የወንድ ጉዳይ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ያየችውን ሳትናገር ትቀራለች፤ ብትናገርም ነገ ይደርሳል ትባላለች። ነገ ደግሞ ዝናብ አይጠብቅም። ስለዚህ አባወራዎች ሆይ፣ ባለቤታችሁ ግድግዳው ረጠበ ስትላችሁ መሰላል አምጡ እንጂ ክርክር አታምጡ። እመቤቶችም ባለሙያ ጠርቶ ማሠራት ወይም ራስን ችሎ መጥረግ የሚያሳፍር አለመሆኑን እወቁ።

በኪራይ ቤት የምትኖሩም አከራያችሁን በጊዜ አሳስቡ። ቤቱ የእሳቸው ቢሆን ግድግዳው ሥር የሚተኙት የእናንተ ልጆች ናቸው። አከራዮችም ብትሆኑ ከአሸንዳው ያተረፋችሁት ገንዘብ በግድግዳው እንደሚወጣ አስቡ።

ጎረቤትም አለ። ቱቦን ከራስ ግድግዳ አርቆ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ማዞር መፍትሔ አይደለም፤ ጠብ መግዛት ነው። ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ የሚደርስበትን መንገድ አብሮ መቆፈር፣ ቦዩም በቆሻሻ እንዳይደፈን አብሮ መጥረግ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። ግድግዳው በድንጋይ መሠረት ላይ እንደገና ተሠርቷል፤ አሸንዳውም ተስተካክሏል፤ ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት አለ። ልጃቸው ኳሷን መልሱልኝ ብሎ ቢለምን አልሰጡትም፤ ሌላ ገዙለት። ያችኛዋ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። በጥርና በግንቦት ዓይናቸው በእሷ ላይ ሲያርፍ መሰላሉን እንደሚያስወጡ ነግረውናል።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተ ለማስታወሻ የሚሆን ግድግዳ እስኪወድቅ አትጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም? ይህን ጋዜጣ ስታጥፉ ወደ ደጅ ውጡና ቀና በሉ። አሸንዳችሁ ላይ ሣር በቅሎ ካያችሁ፣ ጣውላው ከጎበጠ፣ ግድግዳው ከጠቆረ፣ ሥራው የነገ ሳይሆን የዛሬ ነው።